ዳማን ያበላኋት ቅጠል

ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ የነገርኩት ለሦስት ሰው ብቻ ነው። አንደኛዋ እናቴ ናት፤ ሰምታ ቡና ልታፈላ ተነሣች። ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ጸለዩልኝ። ሦስተኛው ባለቤቴ ነው። «ላም እኮ ናት፤ ሰው አልሞተ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለሱ አንሥቼለት አላውቅም። አሁን ለእናንተ የምጽፈው ያን ቀን ላም ብቻ እንዳልሞተች የሚገባው ሰው ከመካከላችሁ ይኖራል ብዬ ነው።

በዚያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። በእንስሳት ሳይንስ ተመርቄ፣ ሀቢቾ ከምትባል ትንሽ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል በምታስኬድ አንዲት ቀበሌ ውስጥ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ከሆንኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። የቀበሌዋን ስም አልጠራም። ሰዎቹ አሁንም እዚያው ናቸው፤ በኔ ከደረሰባቸው በላይ ስማቸው እንዲነሣ አልፈልግም። የማነሣቸውንም በሌላ ስም ነው የምጠራቸው። እኔን ግን አስቴር በሉኝ፤ ስሜ ነው።

ያደግኩት ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ነው። ገጠር ስመደብ እናቴ አልቅሳለች፤ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር የሄድኩት። ሀዲይኛ አቀላጥፌ ስለምናገር ገበሬዎቹ ቶሎ ለመዱኝ። ከኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ በወር አንዴ መጥቶ ፊርማ አስፈርሞ ይመለስ ነበር አሉ። እኔ ግን በየበረታቸው እገባለሁ፣ እበት እረግጣለሁ፣ የላም ጡት እዳስሳለሁ። «ልጃችን» ይሉኝ ጀመር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህ ቃል አሰከረኝ።

የዚያ አገር ሰው ከብት የሚወደው ለወተቱ ብቻ አይደለም። ኑሮው የተመሠረተው በእንሰት ላይ ነው፤ እንሰት ደግሞ ያለ እበት አይሆንም። ላም የሌለው ቤት ጓሮውን ስታዩት ታውቁታላችሁ፤ የእንሰቱ ግንድ ይቀጥናል፣ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። በጋ ሲገባ ሣሩ ያልቃል፤ ከብቱ ገለባና የእንሰት ቅጠል ሲያመነዥግ ይከርማል። ፉርሽካና ከዘይት መጭመቂያ የሚተርፈውን ፋጉሎ ለመግዛት አቅም ያለው ጥቂት ነው።

እኔ ታዲያ አንድ ነገር አሰብኩ። ሆሳዕና ያሉት ጁስ ቤቶች የማንጎ ልጣጭና የውስጡን ጠንካራ ፍሬ በየቀኑ በጆንያ ይጥላሉ። የማንጎ ልጣጭ ደርቆ ቢሰጥ ለከብት ኃይል ሰጪ ነው። ጠንካራው ፍሬ ተፈልጦ ውስጡ ያለው ለውዝ መሰል ነገር ቢደርቅና ቢፈጭ፣ በልክ ከሆነ፣ እህልን የሚተካ ጥሩ ተጨማሪ መኖ ነው። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጁስ ቤቶቹ ለምኜ እሰበስብና ሰኞ በሚኒባስ ጭኜ እመለሳለሁ። ረዳቱ አፍንጫውን ይዞ፣ «እህት፣ ሰው ከተማ ሄዶ ልብስ ይዞ ይመጣል፤ አንቺ ቆሻሻ?» ይለኝ ነበር። ሳቅ ብዬ አልፈዋለሁ። በሸራ ላይ አሰጣለሁ፣ አስፈጫለሁ፣ ከፉርሽካና ከጨው ጋር መጥኜ አደባልቃለሁ።

መጀመሪያ የተቀበሉኝ ጋሽ ሄራሞና ባለቤታቸው እማማ ዳገቴ ናቸው። ሁለቱም ስልሳውን አልፈዋል። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ደቡብ አፍሪካ ናቸው፤ ትልቁ አልፎ አልፎ ይደውላል፣ ትንሹ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ቤታቸው የቀረችው ዳማ ናት። ዳማ ቀይ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ዲቃላ ላም ነበረች። እናቷ በወለደቻት በሳምንቷ ስለሞተች እማማ ዳገቴ ናቸው በጠርሙስ ወተት እያጠጡ ያሳደጓት። ማታ ከነሱ ጋር እዚያው ቤት ውስጥ፣ በከብቱ በኩል ነው የምታድረው። እማማ ዳገቴ ሲናገሩ ጆሮዋን ታዞራለች። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

የማንጎውን መኖ መብላት በጀመረች በወሩ የዳማ ወተት ጨመረ። ጠዋት ጠዋት አንድ ጣሳ የነበረው ሁለት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ወሬው በቀበሌው ዞረ። ሰዎች እየመጡ ዳማን ያዩ ጀመር። እኔን ደግሞ አለቃዬ አይቶኝ የማያውቀውን ያህል ያየኝ ጀመር። «ለሌሎች ቀበሌዎች ተሞክሮ ይሆናል» ብሎ ሰኞ ቀን ገበሬዎቹን በቀበሌው የገበሬዎች ማሠልጠኛ ግቢ ሰበሰበልኝ።

ያቺን ሰኞ በደንብ አስታውሳታለሁ። ወደ አርባ ሰው መጥቷል። አለቃዬ በስልኩ ፎቶ ያነሣል። የማንጎውን አሠራር አንድ በአንድ አሳየሁ። ሰው ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። ስጨርስ እማማ ዳገቴ ከሴቶቹ መሐል ተነሡ።

«አስቴር ልጄ፣ ማንጎ እኛ ጓሮ የለም። እኛ ያለን አቮካዶ ነው። አሁን ቅርንጫፉን ከርክሙ ተብለን ቆርጠን ከምረነዋል፤ ቅጠሉ ለምለም ነው። እሱስ ይበላል?»

ከጥቂት ዓመታት በፊት የተዳቀለ አቮካዶ ችግኝ ለቀበሌው ተከፋፍሎ ነበር። ዛፎቹ ደርሰው ነበርና ባለሙያ መጥቶ እንዲከረከሙ መክሯቸዋል። በየግቢው የአቮካዶ ቅርንጫፍ ተከምሯል። ጥያቄው ተገቢ ጥያቄ ነበር።

እኔ መልሱን አላውቀውም ነበር። ስለ አቮካዶ ቅጠል ያነበብኩት አንድም መስመር አልነበረም። «አላውቅም፤ ጠይቄ ልንገራችሁ» ማለት ነበረብኝ። ግን አርባ ሰው እያየኝ ነው። አለቃዬ ስልኩን ወደኔ አዙሯል። በአእምሮዬ ውስጥ ያለፈው ነገር እንዲህ የሚል ነው፦ አቮካዶ ቅባት አለው፣ ለሰው ይስማማል፣ ከብት ደግሞ ቅጠል በል ነው።

«ለሰው የተስማማ ለከብት ምን ይሆናል እማማ?» አልኩ። «ስጧቸው። ፍሬውም ወድቆ የሚበሰብሰውን ስጧቸው። እንዲያውም ወተት ይጨምራል።»

ሰው አጨበጨበ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ሄራሞ ደወሉ። እኚህ ሰው ስልክ የማይወዱ፣ ሲደውሉም ሰላምታ ብቻ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅባቸው ናቸው። ያን ቀን ሰላም እንኳ አላሉኝም።

«ዳማ ወተት ከለከለች» አሉ።

«ከለከለች ማለት?»

«ትናንት ማታ ቀነሰች። ዛሬ ጠዋት ጠብታ የለም። ጡቷም ድንጋይ ሆኗል። ነይ።»

ሄድኩ። ዳማ ቆማለች፤ ግን እግሮቿን ከፈት አድርጋ፣ ጡቷ እንዳይነካባት ተጠንቅቃ ነው የቆመችው። በእጄ ስዳስሳት ጡቷ ያበጠና የሚያቃጥል ነበር። ሳልባት የሚወጣው ውኃ የመሰለ፣ እንደ እርጎ የተቋጠረ ነገር ያለበት ነው። እማማ ዳገቴ አንገቷን አቅፈው ይዘዋታል።

ዶክተር ሳሙኤልን ጠራሁት። ወጣት የእንስሳት ሐኪም ነው፣ በሞተር ብስክሌት ነው የሚዞረው። መጥቶ አየና፣ «የጡት በሽታ ይመስላል። ብዙ የሚታለቡት ላይ ይወጣል» ብሎ መርፌ ወጋት። እኔም ተረጋጋሁ። የጡት በሽታ የተለመደ ነው፤ ይድናል።

ቀጥሎ ያደረግኩትን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ዳማ ገለባውን አልበላም ብላ ነበር። «ካልበላች ትደክማለች፤ ለመድኃኒቱም አቅም ያስፈልጋታል» አልኩ። ወደ ጓሮ ዞርኩና ከተከመረው የአቮካዶ ቅርንጫፍ ለምለሙን መርጬ፣ አንድ ሸክም ይዤ መጣሁ። እያቆላመጥኩ፣ ግንባሯን እያከክሁ፣ በእጄ አጎረስኳት። በላችልኝ። እማማ ዳገቴ፣ «ተባረኪ ልጄ» አሉኝ። ሌላ ሸክም ጨመርኩ።

ዓርብ ጠዋት ሳልጠራ ሄድኩ። ገና ከበሩ የዳማ አተነፋፈስ ይሰማል፤ ሰው ዳገት ሲወጣ እንደሚያለከልከው ነበር። ከመንጋጋዋ ሥር ውኃ የቋጠረ እብጠት ወጥቷል፤ ደረቷም አብጧል። ጣቴን ስጫንበት ጎድጉዶ ይቀራል። ዶክተር ሳሙኤል ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ሲነሣ ፊቱ ተለውጧል።

«አስቴር፣ ይህ ጡት አይደለም። ልቧ ነው። ይመታል፣ ይዘላል፣ ደግሞ ይቆማል። እንዲህ ያለ ሰምቼ አላውቅም።»

«ምን ሊሆን ይችላል?»

«እንጃ። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። እዚህ ስመጣ ኑሪ አስቁሞኝ ነበር። የሱም ሁለት ፍየሎች ወተታቸው ደርቆ ጡታቸው አብጧል። የጡት በሽታ በአንድ ቀን ከላም ወደ ፍየል፣ ከቤት ወደ ቤት አይዘልም። አንድ የበሉት ነገር አለ።»

ኑሪ የጋሽ ሄራሞ ጎረቤት ነው። ገበሬም ነው፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ደግሞ ቅቤ ይነግዳል። ሰኞ ዕለት ስብሰባው ላይ ከፊት ተቀምጦ ነበር።

«ምን ይበላሉ?» ሲል ዶክተር ሳሙኤል ጋሽ ሄራሞን ጠየቃቸው።

ጋሽ ሄራሞ እኔን አላዩም። ወደ መመገቢያው ብቻ አመለከቱ። ቅጠሉ ተግጦ እንጨቱ ብቻ ቀርቷል።

ወጥቼ ሄድኩ። ቀበሌዋ ውስጥ ኔትወርክ በደንብ የሚይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ነው። እዚያ ወጥቼ ሆሳዕና ለሚኖሩት የድሮ መምህሬ ደወልኩ። ሁለቴ ተሳስቼ ሌላ ሰው ጋ ደውያለሁ።

«መምህር፣ አስቴር ነኝ። አንድ ጥያቄ ነበረኝ። የአቮካዶ ቅጠል ለምትታለብ ላም…»

አላስጨረሱኝም። «ማን ሰጣት?»

«ገበሬዎች…»

«አስቁሚያቸው! አሁኑኑ አስቁሚ። ቅጠሉ መርዝ አለው። ቅርፊቱም፣ የፍሬው ልጣጭና ዘሩም አይታመንም። መጀመሪያ ጡት ይመታል፣ ወተት ያደርቃል፤ ብዙ የበላችው እንደሆነ ልብ ይመታል። ፍየል፣ በግ፣ ፈረስ፣ አህያ፣ ሁሉም ላይ ነው። ስንት ቀን በላች?»

«ከሰኞ ጀምሮ።»

«አምስት ቀን!» አሉ።

«መድኃኒቱ ምንድን ነው መምህር?»

«ማርከሻ የለውም ልጄ። እንዳትንቀሳቀስ አድርጓት፣ ጥላ ሥር ትሁን፣ ሐኪሙ ውኃውን የሚቀንስላትን ይስጣት። የቀረው ያምላክ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቅጠሉን ስጧት ያላቸው ማነው?» አሉ።

«ኔትወርኩ…» ብዬ ዘጋሁት።

እዚያው ጉብታ ላይ ተቀመጥኩ። ከታች የጋሽ ሄራሞ ቤት ጭስ ይታየኛል። ወዲያው ለአለቃዬ ደወልኩ። ሁሉን ነገርኩት። ቃሉን እንዳለ አስታውሰዋለሁ።

«ለማንም እንዳትናገሪ። በሽታ ገብቷል እንላለን። ሐኪሙን እኔ አናግረዋለሁ። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ ሕይወትሽን በአንድ ላም አታበላሺ።»

«ሌሎቹ ግን እየሰጡ እኮ ነው።»

«በሽታ ስለገባ ቅጠል አትስጡ በያቸው። አለቀ። ለምን ራስሽን ትከሻለሽ?»

ሐሳቡ አማረኝ። አልዋሻችሁም። ሰዎቹም ቅጠሉን መስጠት ያቆማሉ፤ እኔም «ልጃችን» እንደተባልኩ እኖራለሁ። ከጉብታው እስክወርድ ድረስ እንዲያ ለማድረግ ወስኜ ነበር። ነገር ግን መጀመሪያ በገባሁበት ቤት አንዲት ሴት ለእርጉዝ በጎቿ ቅጠሉን እየበተነች አገኘኋት። «በሽታ ስለገባ አትስጪ» ስላት፣ «በሽታ ከሆነማ አብልቼ ላጠንክራቸው እንጂ!» አለችኝ። አመነችኝ፤ እኔው ሐሙስ ዕለት ያመጣሁትን ሐሳብ መልሳ ለኔ ነገረችኝ። ያኔ ቅጠሉን ከእጇ ነጥቄ፣ «መርዝ ነው! እኔ ነኝ የተሳሳትኩት!» ብዬ ጮኽኩ።

ቅጠል የሚሰጡ ናቸው የተባሉት አሥራ አንድ ቤቶች ነበሩ። በየኮረብታው የተበተኑ ናቸው። ፀሐይ እስክትጠልቅ ከቤት ቤት ሮጥኩ። በየደጁ ያንኑ ደጋገምኩ፤ «ቅጠሉ መርዝ ነው፣ ሳላውቅ ነው የነገርኳችሁ፣ አቁሙ።» አምስቱ ገና አልጀመሩም ነበር። አንዱ ገበሬ ከት ብሎ ሳቀና፣ «ከብቶቼ እምቢ ብለው ተናድጄባቸው ነበር፤ ለካ ከመምህራቸው ይበልጡ ኖሯል» አለኝ። ሌላው በሩን ዘጋብኝ። አንዲት ላም ጡቷ ማበጥ ጀምሮ ነበር።

ኑሪ ጋ ስደርስ አንደኛዋ ፍየል ሞታ ነበር። ሁለተኛዋ ጋድም ብላለች። ኑሪ ከጎኗ ቁጢጥ ብሎ ሰማኝ። እስክጨርስ አላቋረጠኝም።

«ከአላህ ነው» አለ በመጨረሻ። ተነሥቶ እጁን አራገፈ። «አንቺን አልረግምም። አውቀሽ አይደለም። ግን ከእንግዲህ ወዲያ እግርሽ ግቢዬን እንዳይረግጥ። ሰላም ማለት ካስፈለገሽ መንገድ ላይ በይኝ።»

አሥሩን ቤት ጨረስኩ። የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ የጋሽ ሄራሞ። በራቸው ላይ ደርሼ፣ የዳማን ትንፋሽ ሰምቼ፣ ተመለስኩ። መምህሬ ያሉትን ለዶክተር ሳሙኤል መንገድ ላይ ነግሬዋለሁ፤ እሱም ቅጠሉን ቀድሞ እንዳስቆማቸው ነግሮኛል። «የማደርግላት ነገር የለም፤ ዛሬ ደክመዋል፤ ነገ እነግራቸዋለሁ» አልኩ ለራሴ። ፈሪ ሰው ሁልጊዜ ለሌላው ያዘነ መስሎ ነው የሚሸሸው።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ደረስኩ። ዳማ ተኝታለች። አንገቷን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ ነው የምትተነፍሰው። እማማ ዳገቴ ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አድርገው በነጠላቸው ጫፍ ዓይኗን ይጠርጋሉ። ጋሽ ሄራሞ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ የምነግርዎ ነገር አለኝ» አልኩ። ቆሜ መናገር አልቻልኩምና መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ነገርኳቸው። ሐሙስ ዕለት በእጄ እንዳበላኋትም ነገርኳቸው፣ ራሳቸው ያዩት ቢሆንም።

 «ለሌሎቹ ነገርሽ?» አሉ ጋሽ ሄራሞ።

«አዎ። ትናንት።»

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም።»

«እኔ የመጨረሻ ነኝ?»

 ራሴን ነቀነቅሁ።

«በደጄ አልፈሽ ሄድሽ» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። ሰው ያየውን ነገር ሲናገር ብቻ እንደሚሆነው ነው። «ውሻው ጮኾ ነበር። ወጥቼ ጀርባሽን አየሁት። ምናልባት ቸኩላ ነው አልኩ።»

ዳማ የሞተችው ረፋድ ላይ ነው። አንዴ ልትነሣ ሞከረች፤ የፊት እግሮቿን አጠፈች፣ አንገቷን ቀና አደረገችና ተመልሳ ወደቀች። እማማ ዳገቴ ስሟን ደጋግመው ጠሩ። ጆሮዋ አልተንቀሳቀሰም።

ጎረቤት መጣ። ሥጋዋ እንዳይበላ ዶክተር ሳሙኤል ስለከለከለ ወንዶቹ ከእንሰቱ ጓሮ ጫፍ ጉድጓድ ቆፈሩ። ለቀብር የመጣ ሰው ሁሉ በጎኔ ሲያልፍ ድምፁን ይቀንስ ነበር። አካፋ አንሥቼ አፈር ልመልስ ስል አንድ ጎልማሳ ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደው። «ተይው» አለኝና አፈሩን ራሱ መለሰ።

ልሄድ ስል እማማ ዳገቴ ጋ ቀረብኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ፈልጌ ነበር። እጃቸውን ዘርግተው አገዱኝ። ከሌሊት ጀምሮ ሲያለቅሱ ድምፃቸው ዘግቷል።

«እኔ ጠይቄሽ ነበር» አሉኝ። «ባላውቅ ነው የጠየቅሁሽ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። የኑሪ ሁለተኛዋ ፍየል ቅዳሜ ማታውን ሞተች። ጡቷ ያበጠባት ላም ተረፈች፤ ወተቷ ግን ደርቆ በዚያው ቀረ። እኔ አልተቀጣሁም። አለቃዬ በሪፖርቱ ላይ ምን እንደጻፈ አላውቅም፤ ደመወዜ አልተቋረጠም፣ ማስጠንቀቂያም አልደረሰኝም። አንድ ሰው እንኳ ቢጮኽብኝ ኖሮ ምናልባት ይቀልለኝ ነበር።

ከሁሉ የከፋው የሚቀጥለው በጋ ነበር። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ሄደ፣ ሣሩ ቶሎ ደረቀ። የማንጎውን መኖ አዘጋጅቼ፣ ራሴ ተሸክሜ በየቤቱ ዞርኩ። እሱ ደኅና ነው፤ ተበልቶ ታይቷል፤ ወተት የጨመረው እሱ ነው። አንድም ሰው አልተቀበለኝም። አይሰድቡኝም፤ «እግዜር ይስጥልን፣ አለን» ብለው ጆንያውን ከደጃፍ አይነኩትም። ከብቶቹ የጎን አጥንታቸው እስኪቆጠር ከሱ። አንዳንዶቹ ወደቁ። ሁለት ገበሬዎች የአቮካዶ ዛፋቸውን ከነፍሬው ቆርጠው ለማገዶ አደረጉት፤ ልጆቻቸው ሊበሉት የሚችሉትን ፍሬ። የተናገርኩት ስሕተት የገደለው ጥቂት እንስሳ ነው። ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን እውነት ማንም ስላላመነው የሞተው ግን ይበልጣል። ይህን የሚቆጥረው ከኔ በቀር ማንም የለም።

ዝውውር ጠይቄ ወደ ሾኔ ከተማ ሄድኩ። አሁን ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ወረቀት አገላብጣለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ። በረት ከገባሁ ቆይቻለሁ። ገበሬ ቢሮ መጥቶ ስለ መኖ ሲጠይቀኝ ወደ ሌላ ጠረጴዛ እልከዋለሁ። አንዳንዶቻችሁ፣ «ከስሕተትሽ ተምረሽ የተሻልሽ ባለሙያ ሆነሽ መሆን አለበት» ትሉ ይሆናል። አልሆንኩም። ደጋግሜ ሞክሬ ነበር። ከብት ፊት ስቆም እጄ ዳማ የበላችበትን ቀን ያስታውሳል።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ምናልባት መምህር ናችሁ፣ ሐኪም ናችሁ፣ ወይም እንደኔ ትናንት የተመረቃችሁ ሠራተኞች ናችሁ። የማያውቅ ሰው አምኖ ሲጠይቃችሁ ያለው ዝምታ አጭር ነው፤ ሦስት ወይም አራት ትንፋሽ ቢሆን ነው። እኔ ያን ዝምታ መታገሥ አቃተኝ። ጓሯችሁ አቮካዶ ካለ ፍሬውን ብሉ፤ ቅጠሉን፣ ቅርንጫፉንና ልጣጩን ግን ከብት ከሚደርስበት አርቁት። ይህን ለማለት መብት ይኑረኝ አይኑረኝ እርግጠኛ አይደለሁም። ብቻ ከኔ አፍ ሰምታችሁ እንዳትተዉት፤ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

ባለፈው ዓመት ሆሳዕና ወላጆቼን ልጠይቅ ሄጄ በገበያው በኩል ሳልፍ ጋሽ ሄራሞን አየኋቸው። በአንድ ጥላ ሥር ቆመው፣ የታሰረ የእንሰት ቆጮ ይዘው ነበር። አርጅተዋል። ልሸሽ ስል ጠሩኝ። ሄድኩ። እማማ ዳገቴ ከሁለት ዓመት በፊት እንዳረፉ ነገሩኝ። ላም ደግመው አልያዙም፤ እንሰቱም እየመነመነ ነው አሉ። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ እጄን ይዘውኛል። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ።

ከዚያ አገጬን በጣታቸው ቀና አድርገው ፊቴን ብዙ ተመለከቱ።

«ከስተሻል ልጄ» አሉኝ። «አትበይም እንዴ?»